የማሬ ደም

ዓይናችሁ ቢጫ ቢሆን የሌሊት ወፍ አታሳድዱ። እኛ አሳድደናል። ባለቤቴ አዱኛና ወንድሙ የሰሊጥ መጋዘናችንን ጣራ በመጥረጊያ እንጨት እየደበደቡ፣ እነዚያን ምስኪን ፍጡሮች ከመተማ ዮሐንስ ድንበር አሻግረው ወደ ሱዳኗ ገላባት ሲሸኙ፣ ያመመኝ ነገር ጉበቴ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጦ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላው እንደ እኔ እንዳይንከራተት ነው። ስለ ቅናቴም እጽፋለሁ። በሽታዬን ያለ ቅናቴ ባወራ ግማሹን መደበቅ ይሆንብኛል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ስሜ ስመኝ ነው። አዱኛ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል፤ እኔ በአጨዳ ጊዜ ለሠራተኞቹ ስንቅ አዘጋጃለሁ። ከእኔ በፊት ሚስት ነበረችው። ማሬ ትባላለች። በሽማግሌ ተፋተው፣ ንብረታቸውን ተካፍለው፣ እሷ ጉምሩኩ አጠገብ ምግብ ቤት ከፍታ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ታበላለች። ድዷ የተነቀሰ ነው፤ ስትስቅ ጥቁሩ ድድ ነጩን ጥርስ ያጎላዋል። እኔን እናቴ «ይመረቅዝብሻል» ብላ ስላልፈቀደችልኝ፣ የማሬን ሳቅ ባየሁ ቁጥር እናቴን እወቅስ ነበር። ስሟ እንኳ ያናድደኝ ነበር። የባሌን የድሮ ሚስት ለመጥራት «ማሬ» ብዬ ማቆላመጥ ነበረብኝ።

ልጄን የወለድሁት በክፉ ጊዜ ነው። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ከተማችንን ሞልቶታል፣ ኮሌራ ገባ ተብሏል፣ የጤና ባለሙያው ሁሉ ወደ ድንኳኖቹ ዘምቷል፣ የጎንደሩ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ይዘጋል። የወለድሁበትን ሆስፒታል በስም አልጠራውም። እዚያ የነበሩት ሰዎች እንቅልፍ አጥተው ነው ያተረፉኝ። ልጄ በሰላም ወጣች፤ ደሜ ግን አልቆም አለ። እግሬ መቀዝቀዙና የሰው ድምፅ ከጆሮዬ እየራቀ መሄዱ ትዝ ይለኛል። በቀዝቃዛ ሣጥን የሚመጣው የደም ባንክ ደም አልቋል፤ መንገዱም በዚያ ቀን ዝግ ነው። ሐኪሙ አዱኛን «ደም የሚሰጥ ሰው ቶሎ አምጣ» አለው። ዘመድ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ የቀን ሠራተኞቻችንም መጡ። ከዚያ ሁሉ ሰው የእኔን የገጠመው የማሬ ደም ብቻ ሆነ።

ሰው የሰጠው ደም ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት ለተለያዩ በሽታዎች ይመረመራል። ኋላ እንደተነገረን፣ በዚያ ሰሞን ከመመርመሪያዎቹ አንዱ አልቆ ነበር። የቀሩትን መረመሩ፣ ያንን ዘለሉት፣ ደሙን ሰጡኝ። ባይሰጡኝ በማግሥቱ እቀበር ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ማሬን ነው። ክንዷን በጥጥ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችኝ፣ በዚያ ድዷ እየሳቀች። ፊቴን ወደ ግድግዳው ለማዞር ፈለግሁ፤ አቅም አልነበረኝም።

በአገራችን አራስ ንግሥት ናት። ገንፎው ለእሷ ነው፣ ቅቤው ለእሷ ነው፣ ጠያቂው ለእሷ ነው። የእኔ ጠያቂዎች ግን ገንፎ በሁለት ሣህን ይዘው ይመጡ ጀመር። አንዱን እኔ አጠገብ ያስቀምጡና ሌላውን እንደተሸፈነ ይዘውት ይነሣሉ። «ይችማ ለማሬ ናት፤ ደሟን ሰጥታለችና ትጠንክር» ይላሉ። አንዷ ትልቁን ሣህን ይዛ ስትነሣ በዓይኔ ዓይቻለሁ። አዱኛም ከእርሻ ሲመለስ «ማሬን ጎራ ብዬ ዓይቻት መጣሁ» ይለኛል። መጠየቁስ የሚገባ ነው፤ ሚስቱን አትርፋለታለች። ግን ሊጠይቃት ሲሄድ ለምን ፀጉሩን ይስተካከላል?

የልጃችን ክርስትና ሲቃረብ አንድ ቀን ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ስመኝ፣ ማሬን ክርስትና እናት ብናደርጋትስ?» አለኝ።

«ሰው ጠፍቶ ነው?» ብዬ ጮኽሁበት። ልጅቷም ደንግጣ አለቀሰች።

ጎረቤቴ ሐዋ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ሐዋ ከሱዳን የሚመጣ ጨርቅና ሽቶ የምትሸጥ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት። የሆነውን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«አንች ሞኝ! እናንተ ዘንድ አበልጅ ይጋባል እንዴ?»

«ኧረ በስመ አብ! አይጋባም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ወላሂ በገዛ እጅሽ በሩን ትዘጊዋለሽ፣ ኸላስ፣ አለቀ!»

እውነቷን ነው። የልጅ ክርስትና እናት ለወላጆቹ አበልጅ ትሆናለች፤ አበልጅ ደግሞ እንደ ሥጋ ዘመድ ነው፣ ከአባትየው ጋር መጋባቷ የማይታሰብ ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ እንደሚባለው፣ ማታ ለአዱኛ ራት እያቀረብሁ «ሳስበው ማሬ ትሁን፤ ውለታዋ አለብን» አልሁት። ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አደርሁ።

ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ሰውነቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ይደክመኛል፣ ትኩሳት ይነሣብኛል፣ የዘይት ሽታ ያጥወለውለኛል። በቆላ አገር ትኩሳት ማለት ወባ ማለት ነው። ከገበያው ዳር ያለው ክሊኒክ የወባ ኪኒን ሰጠኝ፤ ጨረስሁት። ሳይሻለኝ ስመለስ ሌላ የወባ ኪኒን ሰጠኝ። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ እሱንም ከሙቀቱ ነው ብዬ ውኃ ጠጣሁበት።

በክርስትናው ቀን ማሬ ነጠላዋን አስተካክላ ልጄን ታቅፋ ቆመች። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ልጄን ልቀበላት ስጠጋ ማሬ ፊቴን አተኩራ አየችኝ።

«ስመኝ፣ ዓይንሽ ምን ሁኗል? እንደ እርድ ቢጫ ሁኗል እኮ!»

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። የገዛ ዓይኔን እንኳ ከእኔ ቀድማ ያየችው እሷ ናት።

ያን ጊዜ ነው የወፍ በሽታ ነው የተባለው። የሌሊት ወፍ ሽንቷ ያረፈበት ወይም ከላዩ ያለፈችበት ሰው ዓይኑ ቢጫ ይሆናል ይባላል፤ እኛም ሰሊጡን የምናከማችበት መጋዘን ጣራው በሌሊት ወፍ የተሞላ ነው። ወንዶቹ ጣራውን ደበደቡ። እኔን ደግሞ የወፍ መድኃኒት ያውቃሉ ወደተባሉ አንድ ሽማግሌ ወሰዱኝ። «በባዶ ሆድሽ ጠጭው ልጄ፣ ከላይም ከታችም ጠራርጎ ያወጣልሻል» አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ አባታቸው ያስተማሯቸውን ነው የሰጡኝ። ጠጥቼ ስመለስ ከመንገድ ዳር ወደቅሁ። ከዚያ በኋላ እህል በአፌ አልዞር አለ፤ ሰውነቴን ማከኩ እንቅልፍ ነሣኝ። ልጄ ጡት ስትስብ እንኳ ያዞረኝ ነበር። ሐኪሙ ኋላ እንዳለኝ፣ የታመመ ጉበት ላይ እንዲህ ያለ ነገር መጨመር በሸክም ላይ ሸክም ነው።

ወደ ሆስፒታል የወሰደችኝ ሐዋ ናት። አዱኛ አብደራፊ ትራክተር ሊከራይ ሄዶ ነበር፤ እሷ ሱቋን ዘግታ፣ ባጃጅ ጠርታ፣ ልጄን አዝላ፣ እኔን ደግፋ ወሰደችኝ። ተራ መጠበቂያው በወባ በሚንቀጠቀጡ አጫጆች ተሞልቷል፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦታ የለም። ከሱዳን የሸሸች አንዲት ሴት የራሷን ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ተነሥታ አስቀመጠችኝ፤ ከዚያም የመድኃኒት ካርቶን ቀድዳ እያራገበችልኝ ቆመች። ቋንቋዋን አላውቅም። ስሜ እስኪጠራ ድረስ አልተቀመጠችም። ስሟን ባለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወጣቱ ሐኪም የላቦራቶሪ ውጤቱን አይቶ «ደም ወስደሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አዎ አልሁት። ብዕሩን አስቀመጠ። ጉበትን የሚያቆስል ቫይረስ እንደሆነ፣ «ሲ» የሚባለው ዓይነት እንደሆነ፣ በደም እንደሚተላለፍ፣ ኤች አይ ቪ እንዳልሆነ፣ ሳይታወቅ ዓመታት ሰው ውስጥ ተኝቶ ጉበትን ሊበላ እንደሚችል፣ የሚያድን መድኃኒትም እንዳለው ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከዚያ ሁሉ የሰማሁት ግን «በደም ይተላለፋል» የሚለውን ነው።

እውነቱን ልናገር። ፈራሁ፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር ደስታ ነበር። ማሬ! ያቺ ሰው ሁሉ የሚመርቃት፣ ገንፎዬን የበላች ማሬ፣ በሽታ ሰጠችኝ። አሁን ማን እንደሚጠየቅ እናያለን አልሁ። ባጃጁ ውስጥ ለሐዋ ይህንኑ ስነግራት፣ «እሷስ አልታመመችም ማለት ነው?» አለችኝ።

ማሬን መረመሯት። አለባት። ከየት እንደያዛት በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ ነርሷ ግን ድዷን አይታ በልጅነቷ ስትነቀስ መርፌው ለብቻዋ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። በመንደራቸው ያሉ ልጃገረዶች ሁሉ ተሰልፈው በአንድ መርፌ እንደተነቀሱ ማሬ ነገረቻት። «ሊሆን ይችላል» አለች ነርሷ። ያን ያህል የተመኘሁት ድድ!

ማሬ ቤታችን መጥታ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «የገደልሁሽ እኔ ነኝ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ። በነጋታው ሰዉ ሁሉ ሊያጽናናት ወደ ምግብ ቤቷ ጎረፈ። ታማሚዋ እኔ፣ የምትጽናናው እሷ! አልጋዬ ላይ ሆኜ የሰው ኮቴ በቤቴ በር እያለፈ ወደ እሷ ሲሄድ እሰማ ነበር።

በዚያ ሰሞን ደም ወስደው ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። መጀመሪያ ከመንግሥት በኩል የሰማነው ነገር ችግሩ የውኃ ነው የሚል ነበር። አፍልታችሁ ጠጡ ተባልን፤ አፈላን። ደማችን አስተማማኝ ነው ተባልን፤ ሰዉ ግን አላመነም። ለታማሚ ደም ስጡ ሲባል ሁሉም እጅጌውን ወደ ታች ይስብ ጀመር። ያኔ ነው ከክልል ቡድን የመጣው። ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ባጃጅ በየሰፈሩ እየዞረ «በዚህ ዓመት ደም የወሰዳችሁ ለምርመራ ቅረቡ» እያለ ለፈፈ። ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው ኤች አይ ቪን ነው። ከቤት የወጣን ሁሉ ተገላምጠን ነው የሄድን። ያም ሆኖ መጥተው ስለፈለጉን አመሰግናለሁ፤ ባይመጡ ኖሮ ብዙዎቻችን የወፍ በሽታ እያልን እንሞት ነበር። ቢዘገዩም መጡ።

በኋላ አዳራሽ ሰበሰቡን። ኃላፊው የታሸገ ውኃውን ከፊቱ አስቀምጦ፣ «በተፈጠረው ክፍተት የተሰማንን ኀዘን እንገልጻለን» አለ። ክፍተት እኛ የምናውቀው የአጥር ነው፤ ፍየል የምትሾልክበት። ቀጥሎ ግን ጆሮዬን ያቆመ ነገር ተናገረ። እስከዚያ ጎንደር ካልሄዱ የማይገኘው መድኃኒት እዚሁ መጥቷል፤ ደም የወሰደ ሁሉ ያለ ክፍያ ይታከማል።

«የሰጡትስ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«የለጋሾች ጉዳይ በቀጣይ የሚታይ ይሆናል» አለ ኃላፊው።

ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ማሬ የሌላት ነገር እኔ ኖረኝ። ዞር ብዬ አየኋት። መጨረሻው ወንበር ላይ ልጄን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ «በቀጣይ» ሲባል ፊቷ አልተለወጠም፣ የልጄን ካልሲ ታስተካክል ነበር። ያኔ አንድ ነገር ታየኝ። ማሬ ብትሞትስ? ነፍሷን ሰጥታ የባሏን ሚስት ያዳነች ትባላለች። ተዝካሯ በየዓመቱ ይወጣል። አዱኛ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ። በሕይወት ካለች ሴት ጋር መፎካከር እችላለሁ፤ ከሞተች ጋር ግን ማን ይችላል? ደግሞም አበልጄ ናት። በሩን እዘጋለሁ ብዬ ራሴን ከእሷ ጋር ቆልፌአለሁ፤ አበልጁን ጥሎ የሄደ ሰው ምን ፊት ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ ደም ወሳጅ ነኝ። የሰጠችኝ ያችውና፣ ልጄን ይዛ የተቀመጠችው። አበልጄ ናት። በሽታችን አንድ ነው፣ ደማችንም አንድ ነው። የወሰደችው ትዳን፣ የሰጠችው ትቆይ ካላችሁ፣ ነገ ሌላ ሴት ወልዳ ስትደማ ማን ክንዱን ይዘረጋላችኋል?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ኃላፊው «ሐሳቡን ተቀብለናል፤ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» አለ።

መድኃኒቱ በፊት ለፊት ጠረጴዛ ይታደል ነበር። የእኔን ብልቃጥ ተቀበልሁና ከኃላፊው ውኃ ጎን አስቀመጥሁት። «እንግዲያው የሚመለከተው እስኪመለከት የእኔም እዚሁ ይቆይ» አልሁ። ከበስተኋላዬ ደም ወስዶ የታመመ አንድ ትራክተር ነጂ ተነሥቶ የእሱንም አስቀመጠ። ሌሎችም ተከተሉ።

ማሬ ደጅ ላይ ደረሰችብኝ። እንደዚያ ተቆጥታ ዓይቻት አላውቅም። «አንች ዕብድ! ተመለሽና አንሽው! እኔን ለማሳቀቅ ነው?»

«አዎ፣ ላሳቅቅሽ ነው» አልኋት። «ብቻሽን አትጸድቂም።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ጀግና እንዳትሉኝ። በተከታዮቹ ቀናት ጎኔ በተወጋ ቁጥር ያን ብልቃጥ አስበው ነበር። አዱኛ ለመነኝ፣ ሐዋ ሰደበችኝ፣ ነርሷ ቤቴ ድረስ መጥታ መከረችኝ። ልጄን እያጠባሁ፣ ሞኝነቴ ወላጅ አልባ ቢያደርጋትስ እያልሁ ፈራሁ። ለሐኪሙ ፍርሃቴን ስነግረው፣ ቫይረሱ ከወለድሽ በኋላ ስለገባ ለልጅሽ ብዙም አያሰጋትም፣ ጡትሽ ካልቆሰለ አጥቢያት አለኝ። ያን ቀን ከኪኒን በላይ የጠቀመኝ ይህ ቃል ነው። በመጨረሻ መልስ መጣ፤ ለጋሾችም ይታከሙ ተባለ። ንግግሬ ልባቸውን ነክቶ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እንደሚመስለኝ ግን ያስፈራቸው ሌላ ነው፤ በከተማው ደም የሚሰጥ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ኪኒኗ በቀን አንዲት ናት፤ ለሦስት ወር ያህል ትዋጣለች። ማሬ ምግብ ቤቷን ለሠራተኞቿ ትታ ከራት በኋላ ቤታችን ትመጣና አብረን እንውጣለን። እሷ ያለ ውኃ ትውጣለች፤ እኔ ሁለት ብርጭቆ ያስፈልገኛል። እሷን አይነካትም፤ እኔን ራሴን ያመኛል። እሷ ወፈረች፤ እኔ ጉንጬ ገባ። አዱኛ ተመርምሮ ነጻ ሆኖ ሲመጣ በእሱም ቀናሁ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቆይተን የመጨረሻውን ምርመራ አደረግን። ነርሷ መጀመሪያ የጠራችው ማሬን ነው፤ ነጻ ናት። የእኔ ስም እስኪጠራ ማሬ እጄን ጨምድዳ ይዛ ነበር። እኔም ነጻ ነኝ። እኔ ለራሴ ሳላለቅስ እሷ እልል አለች።

ይህን ለምታነቡ፦ ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ ተመርመሩ። በአንድ መርፌ፣ በአንድ ምላጭ አትነቀሱ፣ አትበጡ። ደም ስጡ፤ ሲሰጧችሁም ተመርምሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የታመመንም ሆነ ደም የሰጠን ሰው በክፉ አትዩ። ባለሥልጣን ክፍተት ሲላችሁ የምን ክፍተት እንደሆነ ይንገራችሁ።

ቅናቱስ ዳነ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ሰሞን ማሬ ልጄን ጉልበቷ ላይ አቁማ ታጫውታታለች፤ እኔ ሰሊጥ እለቅማለሁ። ወራት ሙሉ «እማ በይ፣ እማ በይ» እያልሁ ያሠለጠንኋት ልጅ የማሬን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አፏን ፈታች።

«ማዬ» አለች።

ማሬ ወደ እኔ አየች። መሳቅ ፈልጋ ፈርታኛለች፤ ድዷን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«አትኩሪ» አልኋት። «ስምሽ ቀላል ሁኖ ነው።»